«ጥናቱ ይቅር» ላሉት ጸሐፊ፦ ወሬውን ማን ይከተለው?

ሰሞኑን እዚህ ደሴ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደርሶ አነበብኩት። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ስለ ሐሰተኛ መረጃና በኢንተርኔት ስለሚደረገው የሕዝብ ክርክር የሚያካሂዱት ጥናት የጊዜና የገንዘብ ብክነት ስለሆነ ይቅር ይላል። ጸሐፊው ምክንያታቸውን እንዲህ ደርድረዋል። ወሬ በወሎ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፤ ሽማግሌ ሲያጣራው ኖሯል። ዛሬ ሐሰት የሚነዙት ወጣቶች ናቸው፤ እነሱን መምከር ይበቃል። ምክር ካልሠራ ሕግ አለ፤ ሕግም ካልሠራ ኢንተርኔቱን መዝጋት ነው። ከዚያ የተረፈውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይለቅመዋል። እስካሁን የተሠሩት ጥናቶች መደርደሪያ ላይ አቧራ ከመልበስ አላለፉም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በሚጠቅም ምርምር ላይ ይዋል።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የማስተምርና የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ የማማክር ሰው ስለሆንኩ በነገሩ ውስጥ ጥቅም አለኝ፤ አንባቢ ይህን ይዞ ያንብበኝ። ጸሐፊው ካነሷቸው ነጥቦች መካከል አንዱ ትክክል ነው፤ እንዲያውም እሳቸው ካሉት በላይ ትክክል ነው። ቅደም ተከተላቸውን ትቼ ከእሱ ልጀምር።

ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፉ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፎችን ጥቂት ያነበበ ሰው የሚቀጥለውን ሳይከፍት ሊተርከው ይችላል። ምዕራፍ ሦስት ላይ 384 መላሾች ይጠብቁታል። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የሕዝቡ ብዛት በጣም ትልቅ ሲሆን በ95 በመቶ መተማመኛና በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን አንድን ነገር ለመገመት ስንት ሰው እንደሚበቃ የሚነግር ቀመር አለ፤ ከዚያ የተገኘ ነው። ቀመሩ ግን ሰዎቹ በዕጣ ይመረጡ ይላል። በእኛ ዘንድ ዕጣው ይረሳና ቁጥሩ ብቻ ይወሰዳል፤ መጠይቁም አጥኚው በቀላሉ ለሚያገኛቸው ተማሪዎች ይታደላል።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። «ሐሰተኛ መረጃ ለሌሎች አጋራለሁ» ይልና ከ«በፍጹም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ» አምስት ሣጥን ይደረድራል። እስኪ በሞቴ፣ አዎ አጋራለሁ ብሎ ምልክት የሚያደርግ ማን ነው? ሐሰት መሆኑን ሳያውቅ ያጋራ ሰው ማጋራቱን አያውቀውም፤ አውቆ ያጋራው ደግሞ ለጠያቂ አይናገርም። መላሹ ራሱን ጨዋ አድርጎ ይሞላል፤ ስለ ሌላው ሰው ሲጠየቅ ግን ሁሉም እንደሚሳሳት ይመሰክራል። ይህ ተደምሮ አማካዩ ይወጣና በመጨረሻው ምዕራፍ «ለኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ሊሰጥ ይገባል» የሚል ምክረ ሐሳብ ይሰፍራል። ምክረ ሐሳቡ ጥናቱ ባይካሄድም ይጻፍ ነበር።

በዚህ ላይ ጸሐፊው ረትተውኛል። ከዚህ ተነሥተው ጥናቱ ይቅር ወደሚለው ሲዘሉ ግን አብሬያቸው አልዘልም፤ መጠይቁ መጥፎ ስለሆነ የተጠየቀው ነገር ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለምና።

ወሬ መንገድ አለው፤ መንገዱን ተከትሎ ማየት ይቻላል። ማለዳ መናኸሪያ ውስጥ «ሐረጎ ላይ መንገድ ተዘግቷል» የሚል ወሬ ተሰማ እንበል፤ ሐረጎ ደሴንና ኮምቦልቻን የሚያገናኘው መንገድ ላይ ያለ ቦታ ነው። ማን አመጣው፤ ከኮምቦልቻ የደወለ ሾፌር ነው ወይስ የሆነ የቴሌግራም ቡድን? ተሳፋሪው ሰምቶ ምን አደረገ፤ ጉዞውን ሰረዘ፣ ኮምቦልቻ ላለ ዘመዱ ደወለ፣ ወይስ ሌላው ሄዶ እስኪያይለት ጠበቀ? ረፋድ ላይ መንገዱ ክፍት መሆኑ ሲታወቅስ፣ ማስተባበያው የደረሰው ወሬውን ለሰሙት ሰዎች ነው ወይስ ምንም ላልሰሙ? የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። የከተማ አስተዳደሩም፣ የኤፍ ኤም ጣቢያዎቹም ማስተባበያ ያወጣሉ፤ ማስተባበያው የት ደርሶ እንደሚቆም ግን ተከትሎ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ በአምስት ሣጥን አይሠራም። ከሰው ጋር ተቀምጦ፣ በፈቃዱ ስልኩን እያሳየ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተከተሉ፣ ሰዓት እየመዘገቡ ነው የሚሠራው። አድካሚ ነው፤ ጥንቃቄም ይፈልጋል፤ የተዘጋ ቡድን ውስጥ ተደብቆ ገብቶ የሰው ንግግር መልቀም ጥናት አይባልም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በሕግም ያስጠይቃል። ከነድካሙ ግን፣ አዲስ አበባ ወይም ቦስተን ተቀምጦ የማይገኝ ነገር ያስገኛል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምክንያታቸው። ወሬ በወሎ ድሮም ነበር? ነበር። ሰኞ ገበያ ከእህልና ከከብት ጋር ወሬም ሲያገበያይ ኖሯል። ሽማግሌ ያጣራው ነበር? አዎ። በምን ዘዴ ያጣራው እንደነበር ግን ጸሐፊው አልነገሩንም። «ከማን ሰማህ?» እያለ ነበር። የሰማው ሰው ያሰማውን ይጠራል፤ እሱም ተራውን የነገረውን ይጠራል። አበጋር በሚባለው የወሎ አስታራቂ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ጉዳይ በስሚ ስሚ አይቋጭም፤ አውጫጭኝ በሚባለው የቀድሞ ሥርዓት ደግሞ የአካባቢው ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን እንዲናገር ይደረግ ነበር። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚሉት አባቶች ሥሩን የሚያገኙበት ዘዴ ነበራቸው፤ የዘዴው ስም ዛሬ ምርምር ነው።

ዘዴው የሚሠራው ተናጋሪው የታወቀ ሰው ሲሆን ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚታወቅ፣ በሚቀጥለው ሰኞም ገበያ ላይ የሚገኝ፣ ዋሽቶ ቢገኝ የሚያፍር። አንድ የድምፅ መልእክት ከቡድን ወደ ቡድን ሲሻገር፣ ጽሑፍ ከነገጹ ፎቶ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ባለቤቱ ይጠፋል። ሽማግሌው «ከማን ሰማህ?» ቢሉ መልሱ «ቴሌግራም ላይ ነው» ይሆናል፤ ነገሩም እዚያው ይቆማል። ጸሐፊው ሽማግሌዎቹን አክብረው ጠቅሰዋቸዋል፤ የእጃቸው መሣሪያ መቀማቱን ግን አላዩም።

ሕዝቡ ራሱ ሐሰትን ከእውነት ይለያል ማለታቸውንም አይቻለሁ። በአውሮፓውያኑ 2018 የአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2006 እስከ 2017 ትዊተር ላይ የተሠራጩና በስድስት አጣሪ ድርጅቶች የተጣሩ 126 ሺህ ያህል ወሬዎችን ተከትለው ነበር። ሐሰቱ እንደገና የመጋራት ዕድሉ ከእውነቱ በ70 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህ በኮምፒውተር የሚንቀሳቀሱ የሐሰት ገጾች ሥራ ይሆናል ብለው እነዚያን ከስሌቱ ሲያወጧቸው ልዩነቱ አልጠፋም። ያጋራው ሰው ነው።

ቁጥሩ ለደሴ ይሠራል ብዬ ግን አልምልም። ያ ጥናት የተካሄደው ሁሉም ሰው ሊያየው በሚችለው አደባባይ ላይ፣ በእንግሊዝኛ በሚጣራ ወሬ ነው። እኛ ዘንድ ዋናው ነገር የሚያልፈው በተዘጋ ቡድን፣ በድምፅ መልእክት፣ በስልክ ጥሪና በቡና ወሬ ነው። ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ የመጣ ቪዲዮ ረፋድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ይታያል፤ ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤት ሲተረክ ቪዲዮውን ያላየው ሰው ካየው በላይ አሳምሮ ይተርከዋል። የሰው አገር ቁጥር ተውሶ መጻፍ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ጸሐፊውም «የውጭ ንድፈ ሐሳብ መገልበጥ» ሲሉ የወቀሱት ይህንኑ ከሆነ አንድ ነን። መድኃኒቱ እዚሁ ማጥናት ነው፤ እሳቸው ደግሞ አታጥኑ ይላሉ።

ስለ ወጣቶቹ ብዙ አልልም። በአውሮፓውያኑ 2016 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች ከ65 ዓመት በላይ የሆኑት ሰዎች ከወጣቶቹ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ የሐሰተኛ ድረ ገጾች ጽሑፍ እንዳጋሩ አግኝተዋል፤ አብዛኛው ሰው ግን፣ በየትኛውም ዕድሜ፣ አንድም አላጋራም። በዚያው ወቅት ትዊተርን ያጠኑ ሌሎች ደግሞ ከሺህ አንድ ሰው ብቻ ከተጋራው ሐሰት ወደ 80 በመቶ የሚጠጋውን እንዳሠራጨ አሳይተዋል። እዚህም እንደዚያ ከሆነ የከተማውን ወጣት ሁሉ አዳራሽ ሰብስቦ መምከር የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ማከም ይሆናል። ይህንንም ቢሆን ሳላጠና እንደዚያ ነው አልልም። የቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ያለ አንባቢ ግን አጎቶቹ ሌሊት የሚልኩትን ያውቃልና ፍርዱን ለእሱ እተዋለሁ።

ሕጉ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው የጠቀሱት የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። በሚገባ አንብበውት ቢሆን ለጥናቱ ጠበቃ ሆኖ ያገኙት ነበር። አዋጁ ሐሰት የተናገረን ሁሉ አይቀጣም። ንግግሩ ሐሰት መሆን አለበት፤ ተናጋሪው ሐሰትነቱን የሚያውቅ ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረ መሆን አለበት፤ ንግግሩም ሁከት ወይም ግጭት የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ መሆን አለበት። አሁን ዳኛውን እናስብ። አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ከተማ፣ በእጁ በነበረው መረጃ ሐሰትነቱን «ሊያውቅ ይገባው ነበር» ወይ የሚለውን በምን ይመዝናል? አንድ የፌስቡክ ጽሑፍ ሁከት የማስከተል ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑንስ ከየት ያመጣል? ወሬ በዚህ ከተማ እንዴት እንደሚሄድና መቼ ከአፍ ወጥቶ ወደ እጅ እንደሚዞር ያጠና ሰው ከሌለ ዳኛው የሚቀረው የራሱ ግምትና የዐቃቤ ሕጉ ቁጣ ነው።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። ሐሰተኛ መረጃ ያሠራጨ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እሥራት ወይም እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ይደርሳል። 5,000 የሚለው ቁጥርም ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። መቶ ሰው ያለበት ግን አንዱ አባል የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ፣ ሌላው የዕድር ሰብሳቢ የሆነበት ቡድን ከተማውን ለማዳረስ አሥር ሺህ ተከታይ ካለው ገጽ ይፈጥን እንደሆነ ማን መረመረ? ሕጉ የተከታይ ቁጥር ቆጠረ፤ በከተማችን የሚሠራው ሚዛን ያ መሆኑን የማረጋገጡ ሥራ ለአጥኚ ቀረ። አዋጁም ለአካዳሚያዊ ጥናትና ለሳይንሳዊ ምርምር ሲባል የሚደረግን ንግግር ከጥላቻ ንግግር ክልከላው ነፃ አድርጓል። ሕግ አውጪው በሩን ከፍቶት ሳለ ጸሐፊው ሊዘጉት ነው።

ኢንተርኔቱን መዝጋት የሚለውን ሳነብ ግን ጽሑፉን ለጊዜው አስቀመጥኩት። ይህን ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው መምከር ድፍረት ይጠይቃል።

መዘጋቱን እናውቀዋለን። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ያለ ኢንተርኔት ቆየች። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ የቻለው ቪፒኤን በሚባለው የእገዳ ማለፊያ ገባ። ያ እንደተነሣ ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋረጠ። እንግዲህ በእነዚያ ወራት ወሬ ሞተ? ማንም የደሴ ሰው ይመስክር። ወሬው በስልክና በአፍ ሄደ፤ የቀረው ወሬውን የሚያጣሩበት መንገድ ነው። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉ አጣሪዎች ያወጡትን ለማንበብ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። አንድ ፎቶ ከሌላ አገርና ከሌላ ዓመት የመጣ መሆኑን ለማየትም ኢንተርኔት ያስፈልጋል። የእህቱን ልጅ «እውነት ነው?» ብሎ በቪዲዮ ለመጠየቅም እንዲሁ። የተዘጋው ለጠያቂው ነው፤ ወሬኛው እግር አለው።

ከዚህ የከፋውንም አይተናል። ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ስለ ደሴ በአንድ ቀን ሁለት ዜና ወጣ፤ የሕወሓት ቃል አቀባይ ከተማዋን ይዘናል አሉ፤ የፌዴራል መንግሥት አልተያዘችም አለ። ከሰሜን ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱ የተጠለሉትን ጨምሮ የከተማው ሰው «ልጅ አዝዬ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?» የሚለውን የወሰነው በእነዚህ ሁለት ዜናዎች መካከል ቆሞ ነው። ሁለቱን በምን አመዛዘናቸው? የማንን ቃል አመነ፤ የመንግሥትን፣ የውጭ ሬዲዮን፣ የወታደር ዘመዱን ወይስ የጎረቤቱን? ሸዋ በር ሰፈር ያለው ሰው የወሰነውና ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው የወሰነው ይለያይ ነበር ወይ? የወጣው ምን ሰምቶ ወጣ፤ የቀረውስ ምን ሰምቶ ቀረ? መከላከያ ከተሞቹን መልሶ መያዙ የተነገረው ኅዳር 27 ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ውጭ ያለው ስለ ውስጡ፣ ውስጥ ያለው ስለ ውጭው ምን ያምን እንደነበርም ሌላ ጥያቄ ነው። ምስክሮቹ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ትዝታቸው ግን በየዓመቱ በሌላ ሰው ትረካ እየተሸፈነ ይሄዳል። ጸሐፊው ገንዘብ ማባከን ያሉት ጥናት ይህን የሚጠይቅ ነው።

እኔ ከዚህ የምረዳውን በግልጽ ላስቀምጥ። ሐሰት የሚበረታው የሚታመን መልስ ሲዘገይ ወይም ጭራሹን ሲጠፋ ነው። ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ ባለሥልጣን ስልክ ሳያነሣ ሲውል፣ ማስተባበያ ከወሬው ሦስት ቀን ዘግይቶ ሲመጣ፣ ባዶው ቦታ በወሬ ይሞላል። ይህ የእኔ መላ ምት ነው፤ ሊፈተንም ይገባዋል። የሚፈተነውም ወሬ በሚዞርበት ከተማ ውስጥ ነው።

ዝምታ ምን እንደሚያደርግ ወሎ ከማንም በላይ ያውቃል። በ1965 ዓ.ም. ረሃቡ በርትቶ የተራበው ገበሬ ወደ አውራ ጎዳናው ሲወጣ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ይዞት ነበር። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ መጥተው ያዩትን ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ፎቶዎቹንም በግቢያቸው አሳዩ። የውጭው ዓለም በቴሌቪዥን ያየው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲ ከወሬ ጉዳይ ይራቅ የሚሉን ጸሐፊ ያን ጊዜ ቢኖሩ መምህራኑን ምን ይሏቸው ነበር? መምህራኑ መጠይቅ አላደሉም። ሄደው አዩ፤ ያዩትንም ይዘው መጡ። በዚያ ወቅት ትልቁ ሐሰተኛ መረጃ ከአንድ ወሬኛ አፍ የወጣ አልነበረም፤ ከላይ የመጣ ዝምታ ነበር። ስለ ሐሰተኛ መረጃ የሚጠና ሁሉ ተራውን ሕዝብ ብቻ ተጠርጣሪ አድርጎ ሲነሣ የማልስማማው ለዚህ ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሁሉን ይለቅመዋል ስለሚለው፣ ጸሐፊው ማሽኑን ሥራ ላይ አይተውት የሚያውቁ አይመስለኝም። «ሐሰት» የሚለውን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ «ሠራዊት»ም «ሰራዊት»ም ይጻፋል። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ቃላት ስለሆኑ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ መጀመሪያ ወደ አንድ ይመለሳሉ። ከዚያ በላቲን ፊደል የተጻፈው አማርኛ አለ፤ ፎቶ ላይ የተጻፈው አለ፤ በድምፅ የተላከው አለ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር የአማርኛ የጥላቻ ንግግርን ለመለየት የሚያገለግል የትዊተር ጽሑፎች ስብስብ አዘጋጅተዋል፤ ከእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የሚታየው አንዱ ነገር ጽሑፉን የሚፈርጁት ሰዎች ራሳቸው አንዱ ጥላቻ ነው ሲል ሌላው ስድብ ብቻ ነው ማለታቸው ነው። ማሽኑ የሚማረው ከዚህ ካልተስማማ ጉባኤ ነው።

ሐሰትን መለየት ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። የድሮ ፎቶ በአዲስ ጽሑፍ ሲወጣ ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩም ስሕተት የለበትም፤ ሐሰቱ ያለው ሁለቱ በመገናኘታቸው ላይ ነው። ማሽን የዐረፍተ ነገርን መልክ ያያል፤ ሐረጎ ላይ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ የሚያውቀው ከዚያ የመጣ ሾፌር ነው። በዚያ ላይ ኩባንያዎቹ መረጃቸውን እየቆለፉ ነው። ትዊተር በጥር 2015 ዓ.ም. ለተመራማሪዎች በነፃ ክፍት የነበረውን በር በክፍያ እንደሚያደርገው አስታወቀ፤ ሜታም ክራውድታንግል የተባለውን የፌስቡክ መከታተያ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዘጋው። ከሩቅ ሆኖ ማየት እየከበደ ሲሄድ ከቅርብ የሚያይ ሰው ዋጋው ይጨምራል፤ የደሴ አጥኚ የእግር መንገዱን ማንም አይቆልፍበትም።

ገንዘቡ ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ይዋል ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ፋብሪካው ምርምር ይገባዋል፤ እኔ የምለው ጥናት ግን ላብራቶሪ አይፈልግም፣ ማሽን አያስገዛም። የሚፈልገው የስልክ ካርድ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የታክሲ ሒሳብና ትዕግሥት ነው። ፊደል የማስተካከሉንና ጽሑፍ የመደርደሩን ሥራ ኮምቦልቻ ያለው የቴክኖሎጂ ተቋም የኮምፒውተር ተማሪዎች ይችሉታል፤ ሰው የመጠየቁን ሥራ ደሴ ያሉት የቋንቋና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይችሉታል። በመካከላቸው ያለው ሐረጎ ብቻ ነው። «ፋብሪካው ሊዘጋ ነው» የሚል ወሬ አንድ ማለዳ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ቢነሣ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም ማን፣ በምን መንገድ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ሊመልስ እንደሚችል ማወቅ ከሁለቱ ምርምሮች የትኛው ውስጥ እንደሚመደብ ጸሐፊው ይንገሩኝ።

ወደ መደርደሪያው ልመለስና ለጸሐፊው እሳቸው የዘነጉትን አንድ ክስ ልጨምርላቸው። እነዚያ አቧራ የለበሱት ጽሑፎች በአብዛኛው የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። መላሹ በአማርኛ ይጠየቃል፣ በአማርኛ ይመልሳል፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይጠረዝና ለተናገረው ሰው ሳይመለስለት ይቀራል። በአማርኛ የተጻፈ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ለከተማው ኤፍ ኤም ጣቢያ፣ ለዕድር ሰብሳቢውና ለመናኸሪያው ሳይሰጥ ማንም ተማሪ እንዳይመረቅ የሚል ደንብ ቢወጣ እኔ በመጀመሪያው ቀን እፈርማለሁ። መደርደሪያውን እንደዚያ የወቀሱ ሰው ይህን ሳያነሡ ማለፋቸው ገርሞኛል።